ትንፋሹን የያዘው ባሌ

ሐሙስ

ዛሬም ከሥራ ስመለስ የባሌ ጭንቅላት የውሃ በርሜሉ ውስጥ ነበር። ከኋላ ሲያዩት የተጣለ ጆንያ ይመስላል። ለእሱ አልነግረውም፤ እዚህ ግን ልጻፈው።

ጌታሁን የሽመና ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ፋብሪካው ሲሸጥ ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ አቃቂ ውስጥ ያላንኳኳው በር የለም። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሙ መላኩ ጠጅ ቤት ውስጥ ትንፋሽ የመያዝ ውድድር አስገባው፤ ሁሉንም አሸነፈ። ያን ቀን ሲመጣ ፊቱ እንዴት አብርቶ ነበር! አሁን መላኩ ሳሪስ ጋራዡ ውስጥ ፊት ለፊቱ መስታወት የሆነ ትልቅ የብረት ሳጥን አስበይዶለታል። እሁድ፣ ቀበሌ አዳራሽ ግቢ፣ ሕዝብ ፊት፣ አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ። ቴሌቪዥን ይመጣል ተብሏል።

የእኔ ድርሻ ሳጥኑ ጎን ቆሜ፣ ከላይ እጄን አስገብቼ ትከሻውን መታ መታ ማድረግ ነው። ጣቱን ካነሳ ደህና ነው። ካላነሳ አወጣዋለሁ። ነርስ ስለሆንኩ ነው።

ዓርብ

ከመጥለቁ በፊት እንደ ውሻ ያለከልካል። ኢንተርኔት ካፌ ያየው ነው። ተቀምጬ አስረዳሁት። ተንፍስ ተንፍስ የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የተቃጠለው አየር መብዛት ነው። ስታለከልክ እሱን ጠራርገህ ታስወጣለህ፤ ኦክስጅንህ ሲያልቅ የሚያስጠነቅቅህ አይኖርም፤ ሳይታወቅህ ራስህን ትስታለህ አልኩት።

«ታዲያ አንቺ ለምን ትቆሚያለሽ?» አለኝ።

ማታ መላኩ መጣ። የነገርኩትን ሲሰማ ሳቀ። «ሚስቱ የምታበላው ወንድ ኦክስጅን ምን ያደርግለታል?» ጌታሁንም አብሮት ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም። ከዚያ መላኩ አንገቱን ይዞ በርሜሉ ውስጥ ደፈቀው። እግሩ ሲፈራገጥ «ቻል! ቻለው!» ይላል።

«ጋሼ መላኩ፣ ይበቃል» አልኩ።

«ክሊኒክሽ ሄደሽ እዘዢ።»

ሲለቀው በአፍንጫው ውሃ እየወጣ «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለው። አመሰግናለሁ!

ቅዳሜ

ትንሽ ድል። እሁድ ላያለከልክ ማለልኝ። በእናቴ ሞት አለ። የልብ ምቱን ለካሁት፤ ዝግ ያለ ነው፤ ጥሩ ነው።

ከሰዓት እናቱ ጸበል ይዘው መጡ። እሱን ረጩት፤ ወደ እኔ ዞረው «በቅናት እንዳታሰናክዪብኝ» አሉኝ።

«እኔ በምኑ እቀናለሁ፣ እማማ?»

«ባሏ ስም ሲያወጣ ያልቀናች ሴት አላየሁም» አሉ። ጌታሁን ሰምቷል። ጸበሉን ከፊቱ ጠረገ።

እሁድ

ሁሉንም በተራ ልጻፍ።

ቴሌቪዥን የሚባል አልመጣም። ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ሰው ብቻ። ሞንታርቦው ይጮሃል። ሰዉ ግን መግቢያ ከፍሎ ሞልቷል፤ አጥር ላይ ሁሉ ወጥተዋል። ጌታሁን ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቆመና ዓይኔን እያየ ማለክለክ ጀመረ። በእናቱ ሞት የማለው ሰው። ከዚያ ጠለቀ።

መጀመሪያ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሆዱ መንዘፍዘፍ ጀመረ፤ ይሄ ያለ ነው፤ ሰውነቱ አየር እየጠየቀ ነው። ሰዉ በመስታወቱ ሆዱን እያየ ያጨበጭባል። መታ አደረግኩት፤ ጣቱን አነሳ። ደገምኩ፤ ዘግይቶ አነሳ። ከዚያ መንዘፍዘፉ ቆመ። መታ አደረግኩት። የለም። እንደገና መታሁት። የለም።

«ተይው! ትንሽ ነው የቀረው!» መላኩ እጄን ጠምዝዞ ያዘኝ።

ነከስኩት። በደንብ ነው የነከስኩት። ጌታሁንን ብብቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ አያይም። ጉንጩን በጥፊ መታሁት፤ አፉ ላይ ሁለቴ ተነፈስኩበት። ከኋላዬ «ሌባ! አታላይ!» ይላሉ። የተወረወረ ጠርሙስ ጀርባዬን መታኝ። ስለ ሰው ነፍስ ያሰብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተነፈሰ። መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ደረሰ?» ብሎ ነው።

መላኩ «ሚስትህ አበላሸችው» አለው።

ጌታሁን እኔን አይቶ «ገደልሽኝ» አለ።

ሰኞ

ወንድሙ ቤት አድሯል።

መንገድ ላይ ሳልፍ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ልጆች አይደሉም። ክሊኒክ ውስጥ መርፌ የታዘዘላት አንዲት ሴትዮ «ሲስተር፣ ሰው ከውሃ የሚያወጡት እርስዎ ነዎት?» ስትል ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ወጋኋት። ቀስ ብዬ አልነበረም። ይቅርታ ልላት አሰብኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

ከሰዓት የሰማሁት ደግሞ ይብሳል። መላኩ በሚመጣው እሁድ ሳሪስ ጋራዡ ውስጥ ሊደግመው ነው። ትከሻውን መታ የሚያደርገው ራሱ መላኩ ነው አሉ።

ማክሰኞ

ፈቃድ ጠይቄ በሚኒባስ ሳሪስ ሄድኩ። ሳጥኑ ጋራዡ መሃል ውሃ ተሞልቶ ቆሟል። ጌታሁን አጠገቡ ባዶ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን አውልቋል።

«ማን ጠራሽ?» አለኝ።

«ይሄ ሰው ጣትህን አያይም። ትሞታለህ።»

«ልሙታ። ምን ይቀርብሻል?»

መላኩ ነው የሳቀው። «ነይ፣ አንቺንም ልድፈቅሽ፤ ወሬሽ ይቆማል።»

መዶሻ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳላስበው አነሳሁት ልል አልችልም፤ አስቤበታለሁ። በመጀመሪያው ምት መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ በሁለተኛው ወረደና ውሃው ጋራዡን አጥለቀለቀው። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ለማንሳት ተራወጡ። መላኩ በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። ጌታሁን ከጎማው ላይ አልተነሳም። እግሩ ሥር የሚሄደውን ውሃ ነበር የሚያየው።

«መላኩ፣ ሌላ መስታወት አሠራ፤ ያንንም እሰብረዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ጋሼ አላልኩትም። ሚኒባስ ውስጥ ቀሚሴ ሲንጠባጠብ ረዳቱ «ወንዝ ተሻግረሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ እስከ አቃቂ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ልብሱን ሊወስድ መስሎኝ ነበር። ምሳ ሰጠሁት፤ በላ። ያበጠውን ጉንጬን አየና ዓይኑን መለሰ።

«እሁድ ዕለት» አለ፣ «ራሴን ከመሳቴ በፊት ሰምቼሻለሁ። መታ ስታደርጊኝ አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ጣትህን ለምን አላነሳህም?»

ሳህኑን ገፋ አደረገ። «እዚያ ውስጥ ማንም አልሰደበኝም።»

እኔ ደግሞ ስለ ተቃጠለ አየር ሳስተምረው ነበር!

አልጮህኩም። አላቀፍኩትም፤ ማቀፍ ነበረብኝ መሰለኝ። ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ፣ አልኩት። ተነሳና የበላበትን ሳህን ይዞ ወደ ቧንቧው ወጣ።

ይህን የምጽፈው በሩ ላይ ተቀምጬ ነው። ሳህኑን እያጠበ ነው። የውሃው ድምፅ በቆመ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።