የእመቤት ኢዛቤል አያት ክንፍ

እሑድ፣ ኅዳር 7፣ ከቅዳሴ መልስ

ካልሲዬ ርሷል። ዝናብ። ምሳ ወ/ሮ ጽጌ ቤት፤ የበላሁት ከጡረተኛ የማይጠበቅ ነው። ለልጇ ለዳንኤል ሜሮንን ልንጠይቅ በሳምንቱ እሑድ የሜሮን አጎት ዘንድ በሽምግልና እንሄዳለን። በማግስቱ ሰኞ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አይሆንም። ዋናው ሽማግሌ እኔ። ሸበቶ ነኝ፤ ዕድሜዬን እዚህ ጀርመን፣ ቬስትኤንድ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስሠራ ጨርሻለሁ፤ ሚስቴ ስለሞተች ሁልጊዜ ነፃ ነኝ።

ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ሰሞኑን የማነበውን አወራሁ። እመቤት ኢዛቤል፣ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊት ባለርስት። አያቷ ከየት እንደመጣች አይታወቅም። ቆንጆ። ቅዳሴ ሳያልቅ ትወጣለች። ባሏ ጠረጠረ። አንድ ቀን አራት ሰዎች ካባዋን ጨምድደው ያዙ። ካባውን ጥላላቸው በመስኮት በረረች። ሰይጣን ኖራለች ይላል ተረቱ። ጽጌ ጉርሻዋን አየር ላይ አቆመች። እንዲህ የሚሰማኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጽጌ ደወለች። የዚያች ሴትዮ ዘር ምን ነበር? የሸክላ ሠሪ ልጅ ሳትሆን አትቀርም አልኳት፤ ጎረቤት መኳንንት የልጅ ልጇን ርስት ሊነጥቁ ፈልገው ነው ክንፍ ያበቀሉላት። ሁለተኛውን ግማሽ አልሰማችም። ሜሮንም ቅዳሴ ሳያልቅ እንደምትወጣ ልብ ብያለሁ ወይ? ነርስ ናት፣ እሑድ እሑድ ሽፔትዲንስት አለባት፣ ከሰዓት ትገባለች አልኩ። ሆስፒታሉ ፈረቃ የሚያወጣው ቁርባኑን እያየ ነው እንዴ አለችኝ። ሰባት ቤት ይቆጠር ትላለች። እሱ የሚቆጠረው ለሥጋ ዝምድና ነው ልላት ስል ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ተቆጠረ። ሰባት አልደረሰም፤ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። የሜሮን የአባቷ እናት ሸክላ ሠሪ። ሙኒክ ያለች የአገራቸው ሰው ናት የመሰከረችው። ቡዳ የሚለውን ቃል ማንም አላወጣም፤ ሁሉም የተማረ ነው። ጽጌ ብቻ ገና ላልተወለዱት የልጅ ልጆቿ ትጨነቃለች። ማታ ማታ ጅብ ለሚሆን ሕፃን ክራንከንካሴው፣ የጤና መድኑ፣ ምን ያህል እንደሚከፍል ልጠይቅላት ይሆን?

ዳንኤልን ጋሉስ፣ ትራም ፌርማታው ላይ አገኘሁት። እናትህን አናግራት እንጂ አልኩት። ማማ ክፉ አይደለችም፣ ጊዜ ስጧት። ይህን ያለኝ በጀርመንኛ ነው። ሲፈራ ጀርመንኛ ይቀናዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት

ሜሮን መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ክንፍ እንዳለኝ የነገሯቸው እርስዎ ነዎት?»

ስለ ሌላ ሴት ነው፣ ከሞተች ዘመን አልፏታል አልኩ።

«እሷስ ተገላገለች። እኔ ዳንኤልን እወደዋለሁ።»

አያቷ ሸክላ መሥራቷን አልካደችም፤ ድስቶቿ አይሰነጠቁም ነበር አለች። ልመናዋ አንድ ነው። ተረቱ ርስት ለመንጠቅ የተፈጠረ ውሸት መሆኑን ሰው ፊት እንድናገር። እርስዎን ይሰማሉ አለችኝ። እውነቷን ነው። እናገራለሁ አልኳት። አቀፈችኝ፤ ሻይዋን ጨርሳ ሄደች።

ብርጭቆውን አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት። ከዚያ ለብቻው አስቀመጥኩት። በወጣትነቴ ስለ ጭቁኖች በራሪ ወረቀት የበተነው ሰውዬ ማለት እኔ ነኝ። ማስታወሻዬ፣ አንቺ እንኳ ባታዪኝ ይሻላል።

እሑድ፣ ኅዳር 14፣ 8 ሰዓት

ቤ/ክ። ሜሮን ሳታውቅ የቆመችው ጽጌ ካዘጋጀቻቸው ሁለት ሴቶች መሃል ነው። ሰዓቷን አይታ ወደ በሩ ስትዞር ነጠላዋን ግራና ቀኝ ያዙት። አንደኛዋ አዛኝ መስላ፣ «የኔ ልጅ፣ ሥጋ ወደሙን ጠብቂ እንጂ።» ሜሮን ሳበች። አልለቀቁም። ዳንኤል ከወንዶች በኩል አያት፤ ከዚያ ጣሪያውን አየ። ወደ እኔ ዞረች። የምለው አፌ ውስጥ ነበር፤ አሳምሬ ያዘጋጀሁት። ግን በቅዳሴ መሃል አይወራም። ሥርዓት አውቃለሁ።

ነጠላዋን ትታላቸው ወጣች። በበሩ፣ በእግሯ፣ ኤስ-ባን ባቡሩ እንዳያመልጣት እየሮጠች።

ጽጌ ነጠላውን በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ያሉት አልቀረም፣ ጋሽ ክፍሌ።»

ጋብቻው ቀርቷል። ለሜሮን ወገን የነገረ የለም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች በድንገት ሁሉም ታመዋል። 9 ሰዓት ላይ ዚንድሊንገን፣ አጎቷ ቤት ሄጄ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንደበት አለው ተብዬ። አጎትየው በግ አርዷል። ጠዋት ደውሎ፣ ጥብሱን ለስለስ አድርገን ነው የሠራንልዎ፣ ጥርስዎን አስበን፣ ብሎኛል። ጽጌ ደግሞ እዚያ ቤት እህል እንዳልቀምስ አስጠንቅቃኛለች። ሜሮን ሥራ ላይ ናት፤ ፊቷን አላይም። ጥሩ።

እምቢ ማለትም ይቻላል። አስቤበታለሁ፤ ጫማዬን እያሰርኩ።

ከነገ ጾም ነው፣ ሥጋው ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ ወስኛለሁ። መጀመሪያ እበላለሁ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።