ግድግዳችሁ ላይ ስለምትስቀው ልጄ

ለተከበሩ የሰውነት ቅርጽ ማስተካከያ ክሊኒክ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ደጃፍዎ ላይ የተተከሉት አበቦች እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። አበቦቹን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም፤ ደጅ ስጠና እንዳየሁት በየማለዳው የሚጎበኛቸው፣ ደረቃችሁ ወይ ብሎ ጎንበስ የሚልላቸው ሰው አላቸው። ልጄ ይህን ዕድል አላገኘችም። ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ መለጠፌም እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በሩ ቢከፈትልኝ ኖሮ ባልለጠፍኩበት።

እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ፊደል የቆጠርኩትም ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷው ደብተር ላይ የሆነ ሴት ነኝ። ልጄ የሕፃናት መምህርት ናት። ተማሪዎቿ ጭኗ ላይ ጋደም ብለው ተረት ስለሚሰሙ «መምህርት ትራስ» ይሏት ነበር። በብዙ ልፋት ክብደቷን በግማሽ ስትቀንስ ትራሳችን የት ሄደ ብለው አለቀሱባት። የቀረው ቆዳ ግን እንደ ባዶ ከረጢት ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስትራመድ እየተፋተገ ይቆስል ነበርና፣ እናንተ ዘንድ የመጣችው ለቁንጅና ሳይሆን ቁስል ሳትታጠቅ ቆማ ለማስተማር ነው። እናንተም ቆረጣችሁላት። ስለዚህ ባለውለታዎቼ ናችሁና ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለ ሐኪሙ። ከሩቅ አገር ለጥቂት ቀናት መጥተው፣ አንዱ ታካሚ ሳይነቃ ሌላውን የሚያስተኙ፣ እጃቸው የማይዝል ሰው ናቸው። የልጄ ስፌት ሳይደርቅ አውሮፕላን መሳፈራቸው ቅር አላሰኘኝም፤ ትልቅ ሰው ብዙ ቦታ ይፈለጋል። ቅር ያለኝ፣ ሲሄዱ የልጄን ሆድ ለማን አደራ ብለው እንደሄዱ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ በቤትዎ መጥፋቱ ነው።

፪ኛ፦ ስለ ቀበቶው። ከሆዷ የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያንጠባጥበውን ቀጭን ቱቦ፣ ከክሊኒኩ ስትወጣ የምትነሣውን ፎቶ እንዳያበላሽ ብላችሁ ነቀላችሁት። በቦታው ሰፊውን የሆድ ቀበቶ ጥርቅም አድርጋችሁ አሰራችሁላት። ነርሷም «እማማ፣ እኛ ሳንፈቅድ እንዳትፈቱት፤ ከላላ ስፌቱ አለቀለት» አለችኝ። እኛ ደግሞ የተባልነውን የምናከብር፣ ሰው ማስቸገር የማንወድ ሰዎች ነን። ልጄ «እማዬ፣ እንደ እሳት ያቃጥለኛል» ስትለኝ፣ እኔ እናቷ «ቻይው የኔ ልጅ፣ እነሱ ያውቃሉ» ብዬ፣ ጉልበቴን አልጋው ላይ አስደግፌ ቀበቶውን በአንድ መንጠቆ አጠበቅኩላት። ሽታው ሲመጣ ከላይ ከላይ በሳሙና አጠብን፤ ሽቶም ረጨንበት። ራሷን የሳተች ዕለት ግን ሳይፈቀድልኝ ፈታሁት። ከእምብርቷ በታች ያለው ቆዳ ጠቁሮ ሞቷል፤ ስፌቱ ተተርትሮ መግል ቋጥሯል። ያለ ፈቃድ ስለፈታሁት ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

፫ኛ፦ ስለ ስልኩ። መጥታችሁ አትድከሙ፣ ቁስሉን በፎቶ ላኩት ተባልን፤ ላክን። «ጎበዝ! በጣም ጥሩ እየዳነ ነው» የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩም የአበባ ሥዕል። ቁስሉ ሲሰፋ ሌላ ላክን፤ ያው ቃል፣ ያው አበባ። የሚመልስልንን ባለሙያ ላመሰግን ብመጣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሆና አገኘኋት። «እማማ፣ አይፍረዱብኝ፣ እኔ ደም ሳይ ያዞረኛል፤ ፎቶውን ከፍቼው አላውቅም» አለችኝ። አደራዎን፣ እንዳይቆጧት። በቤትዎ እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።

፬ኛ፦ ስለ ቀጠሮው። ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት። ተረኛው ሐኪም መርፌ ወጋትና «እናት፣ ይሄ መከፈትና መጽዳት አለበት፤ ግን ውስጧ ምን እንደተሠራ ሳላውቅ ቢላ አላነሣም፤ የሠራትን ሰው በስልክ እንኳ አገናኙኝ» አለ። የእናንተ ሰዎች ደግሞ ሐኪሙ ሲመለሱ በቀጠሮ ይታያል ይላሉ። ስለ ቀጠሮ ለእኔ አይነገርም፤ አባቷን የቀበርኩት የሐኪም ቀጠሮ አክብሬ ስጠብቅ ነው።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ክቡር ሆይ፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። ልጄ ቤት ተኝታ፣ ትኩሳቱ ሲነሣባት ክፍል ውስጥ ያለች እየመሰላት «ተሰለፉ፣ እጃችሁን ታጠቡ» ትላለች፤ እኔም እንድትረጋጋ ብዬ ተነሥቼ እሰለፋለሁ። እጄንም እታጠባለሁ። ካሣ አልጠየቅኩም፣ ክስም አልመሠረትኩም፤ ማን እንዳጠፋ ኋላ እንነጋገራለን፤ ከአጥፊዎቹ መካከል የእኔም ጉልበት አለበት። አሁን የምለምነው አንዲት ነገር ነው፦ ሐኪሙ ባሉበት ይደወልላቸውና ለሆስፒታሉ ሐኪም ምን እንደሠሩ ይንገሩት። አንድ ስልክ ብቻ። አበቦቹን ከሚያጠጡበት ጊዜ አይበልጥም። እባክዎ፣ በእናትዎ፤ ልጄ ሳታመልጠኝ።

ለክሊኒክዎ ገበያ፣ ለአበቦችዎ ዝናብ፣ ለእርስዎም በጭንቅ ቀን ስልክ የሚያነሣልዎ ሰው እመኛለሁ።

የታዘዘችውን ሁሉ ስታጠብቅ የኖረች፣
የመምህርት ትራስ እናት

ማስታወሻ፦ በመግቢያዎ ግድግዳ ላይ ልጄ «በፊት» እና «በኋላ» ተብላ በሁለት ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅላለች። በሁለተኛው ቀበቶዋን ታጥቃ ትስቃለች። ይውረድ አልልም፤ ፈቅዳ የተነሣችው ነው፤ ያን ዕለት እኔም ስቄያለሁ። ከጎኑ ግን ለአንድ ፎቶ የሚሆን ባዶ ቦታ አይቻለሁ። ስልኩ እስከ ዛሬ ማታ ካልተደወለ፣ ነገ በር ስትከፍቱ ጎረቤቶቼ ከነፍራሿ ተሸክመው ያመጧታል፤ እዚያው ባዶው ቦታ ሥር እናስተኛታለን፤ ደንበኞችዎ ከ«በኋላ» በኋላ ያለውንም አይተው እንዲመርጡ። ሐኪም ብቻ ይምጣልን። አበባ እንዳትልኩ።