ምንሽሩን ትተህ ና

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለታደሰ፣ አንኮበር።

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰንብተሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ አሁንም ቤተ ክርስቲያን የሚደርሱት በበቅሎ ነው? ባለቤትህ ዓለምሸትና ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና አለሁ። ባለቤቴ በለጠም በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት ወረቀቱን ገና ስትገልጠው መርዶ መስሎህ እንዳትደነግጥ ነው። ሁልጊዜ የሚጽፉልኝን መሪጌታ ትቼ በዚህ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈቴ የጻፍኩት ነገሩ ሌላ ጆሮ እንዲገባ ስላልወደድኩ ነው፤ ታግሠህ አንብበው።

በድሪ የሚባል የጫት ነጋዴ የበለጠን ሁለት የፊት ጥርሶች በዱላ ማርገፉን ሰምተህ፣ የአባባን ምንሽር ጠመንጃ ወልውዬ ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ ብለህ ልከህብኛል። መልእክቱ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ያን ሰውዬ እኔም በልቤ ስንት ጊዜ ገድዬዋለሁ። አሁን ግን ሁሉንም ስማና ፍረድ።

በለጠ የገበያ ዘበኛ መሆኑን ታውቃለህ። አምና አንድ ዳስ ተቃጥሎ ሰው ከሞተ ወዲህ ትእዛዝ ወጣ። ከቤት ርቆ ለብቻው የቆመ ዳስም ቢሆን፣ ጣሪያ እስካለው ድረስ ከምሰሶው ሥር በርሜል ሙሉ ውሃ ይኑረው፣ የጣሪያው ሣርም ፀሐይ ሳይበረታ ይረጭ ተባለ። ያንን የሚያስፈጽመው በለጠ ሆነ። እዚህ ደግሞ በበጋ ውሃ የሚመጣው በአህያ ተጭኖ ነው። በድሪ፣ «አቦ! ግድግዳ የለው፣ በር የለው፤ እሳት ቢነሳ ሰው በአራቱም በኩል ይሮጣል። ውሃው ለማን ነው?» እያለ ገበያተኛውን ያስቅበት ነበር።

በርሜሉን አይሞላም አልልህም፣ ይሞላል። ግን ጫት ከጠወለገ ማን ይገዛዋል? ቂጡን በሚስማር በበሳው ጣሳ እየቀዳ ጫቱን ሲረጭ ያረፍድና ቀትር ሳይሆን በርሜሉን ያደርቀዋል። ከዚያ ዞሮ እኔ ሻይ ከምሸጥበት ዳስ ይሰርቃል። ሌሎቹም ነጋዴዎች ያው ናቸው። እኔ የራሴን በርሜል የማስከብረው ፍልጥ ይዤ ነው። አንድ ቀን በለጠ የበድሪን በርሜል ባዶ አግኝቶ ዳስህን አፈርሰዋለሁ ቢለው፣ ያን ጊዜ ነው ጥርሱን ያረገፈው።

በየካቲት መጨረሻ፣ በገበያ ቀን፣ ነፋሱ አቧራውን ያጦዘው ነበር። በድሪ ያንኑ ቀዳዳ ጣሳ ይዞ ወደ በርሜሌ እየሮጠ መጣ። በለጠ አፉ ገና አልዳነም። ዛሬስ እጄ ላይ ጣለህ ብሎ በቆመጡ ግንባሩን አለው። ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ሁለት ዓይኑን ሸፈነው። በድሪ ግን እጁን አላነሳም፤ «እሳት! ፋጤ ውስጥ ናት!» ብቻ አለ። ፋጤ ሚስቱ ናት። ቀና ብንል ነፋሱ ከጥብስ ሻጩ ምድጃ ያነሳው ፍም የበድሪን ዳስ አያይዞታል።

በአራቱም በኩል ይወጣል ሲባል የኖረው ዳስ፣ እሳቱ የወረደበት ከላይ ነው። የሚነደው ሣር ዙሪያውን ተንጠልጥሎ መውጫውን ሁሉ ዘጋው። ሰዉ በየዳሱ እየሮጠ በርሜል ቢገለብጥ ባዶ ነው፤ ውሃውን ጫት ጠጥቶታል። የሞላው የእኔ ብቻ ነበር። የተደባደቡት ሁለቱ ባንድ ላይ ተሸክመውት ሮጡ። ቢደፉት ባንድ በኩል ጥቂት ከፈተላቸው፣ ከዚያ በላይ አልበቃም። በድሪ ገባ። በደም ታውሮ ምሰሶ እየዳበሰ ፋጤን አገኛትና ወደ በለጠ ወረወራት። የራሱን መውጫ ግን አላየውም። ጣሪያው ተደርምሶ ተጫነው። በለጠ ክንዱን ይዞ ቢጎትተው ቆዳው ተገፎ እጁ ላይ ቀረ። ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ ሰምቻለሁ ወንድምዓለም። እኔ የጠላሁት ሰው ነበር፤ እንዲህ እንዲሞት ግን አልወደድኩም።

ሬሳው ሳይነሳ የበድሪ ወንድሞች ጩቤ መዘው መጡ። ያሳወርከው አንተ ነህ ብለው በለጠን ትከሻው ላይ ወጉት። እውነታቸውን ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር? ሽማግሌዎች ባይደርሱ ኖሮ እዚያው ይጨርሱት ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስለ ጉማው፣ ማለት ስለ ደም ካሳው፣ በሟች ቤት ተቀመጡ። ወንድሞቹ ደም በደም እንጂ ካሳ አንቀበልም አሉ። ፋጤ ፀጉሯ ነዶ፣ ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ «መጀመሪያ የመታ የኔ ሰው ነው። ይሄም መታ። እሳት ግን ማንንም አልጠየቀ። ሌላ ደም አልፈልግም፣ ወላሂ!» አለች። ጩቤው ወደ ሰገባው የተመለሰው በእሷ ቃል ነው። ነገር ግን ከበለጠ ወገን መሣሪያ ይዞ የታየ ሰው ካለ ዕርቁ ፈረሰ ተብሎ ተማምለዋል።

እንግዲህ ምንሽሩን ይዘህ ከመጣህ ባሌን የምትገድለው አንተ ነህ። አንተ ችኩል ነህ፤ እኔም ያንተው እህት ነኝና አውቅሃለሁ። ከተሰቀለበት አታውርደው። ጋቢህን ለብሰህ ለቅሶ ልትደርስ ና።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ ብለህ ለዓለምሸት ንገራት። ልጅህን ጎበዜን ትምህርቱን እንዳይተው አደራ በልልኝ። በለጠ በረገፈ ጥርሱ እየተንተባተበ እጅ ይነሳል፤ ትከሻው እየጠገገ ነው።

ፋጤም ሰላም ብላሃለች። ልጠይቃት ብሄድ፣ ወንድምሽ ሊመጣ ነው አሉ፣ መቼ ይደርሳል አለችኝ። ለምን እንደምትመጣ አታውቅም። እንግዳ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም ብላ የበድሪን ወንድሞች በደጄ ዳስ እንዲጥሉልህ አዝዛቸዋለች። ምሰሶውን ዛሬ ጠዋት ተክለውት ሄዱ። በርሜሉን በለጠ ሞልቶታል።

እህትህ ዘርፈሽዋል
አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.