እሳት የሚጭሩት አደይ

መቀሌ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018

ዛሬ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ገዛሁ። ሳንባዬን ያየው የዓይደር ሆስፒታሉ ሐኪም ከሰሉን ከቤት አውጣ ካለኝ ሰንብቷል። እስከ ዛሬ ያመነታሁት በአደይ ለምለም ምክንያት ነው። ጎረቤቴ የሆኑ እናት ናቸው፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አመሻሽ ላይ የቆርቆሮ መጫሪያቸውን ይዘው፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ እሳት አለህ?» እያሉ ይመጣሉ። ፍም ሊወስዱ ይምጡ እንጂ ቁጭ ብለው ሳያወሩ አይሄዱም። ከወሎ ከመጣሁ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም።

ከእንግዲህ ፍም እንደማይኖረኝ ልነግራቸው ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ጥግ ላይ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሰክቶ ሽሮ ይንተከተካል። ትናንት የወሰዱት ፍም ደጃፉ ላይ፣ እዚያው መጫሪያው ውስጥ አመድ ሆኗል። ማየቴን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ ናት የገዛችልኝ፤ አሁን በቅርቡ ነው» አሉ።

ምድጃው ግን ዙሪያው በወጥ ጠቁሯል። የመጣሁበትን ሳልናገር ተመለስኩ።

ማሞቂያው ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ነው። ከሰሉን ደጅ አያይዤ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ፍሙ ደህና አድርጎ ቀልቷል። አደይ የሚመጡበት ሰዓት አልፏል።