ሰባ ደቂቃ የምትርቀው እናቴ

ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው ባለ ካርታ የቀን መቁጠሪያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ምድር ቤት ያለሁት የውሃ ቆጣሪ ጠጋኝ ነኝ። ከተፈቀደልኝ ሁለት ቀን በላይ አንድ ቀን ለምን እንደቀረሁ በጽሑፍ እንዳስረዳ ስላዘዙኝ፣ ሌላውም ሠራተኛ ይማርበት ብዬ መልሴን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ. እናቴ በጠና መታመሟን ሰምቼ አምስት ቀን ስጠይቅዎ፣ ከመቀመጫዎ ተነሥተው ማስመሪያዎን ካርታው ላይ በማሳረፍ የሁለቱን ከተሞች ርቀት ስለለኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስድስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን ሰባ ደቂቃ። ጠዋት ሄዶ ማታ ለመመለስ ለሚበቃ መንገድ ሁለት ቀን መፍቀድዎ ቸርነት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ ስጠግን እንዲህ ያለ ፈጣን ልኬት አላየሁም።

2ኛ. ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ነው። ቀጥታ በረራ ስለሌለ፣ እርስዎ ያሰመሩለትን ትቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ሌላ ከተማ አወረደን፤ ቀጣዩ በረራ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ እናቴ ቤት ያለው የሁለት ሰዓት ተኩል የመኪና መንገድም፣ ካርታዎ ላይ የወሩ ስም ስለተጻፈበት አይታይም። ስደርስ የሁለተኛው ቀን እኩሌታ አልቆ ነበር።

3ኛ. እናቴ ዘንድ የቆየሁት ሦስት ሰዓት ነው። አፈር ስሆን ጫማህን አውልቅና ጋደም በል እያለች ለመነችኝ። እኔ ግን ፈቃዱ ግርጌ በቀይ የጻፉት ማስጠንቀቂያ ኪሴ ውስጥ ስለነበር፣ የመመለሻው በረራ እንዳያመልጠኝ የጫማዬን ክር እንኳ ሳልፈታ ስሜያት ወጣሁ። ያን ቀን ስለታዘዝኩዎ እስከ ዛሬ በራሴ አፍራለሁ።

መመለሻውም በዚያው በሌላኛው ከተማ በኩል ነውና፣ እህቴ ደውላ እናቴ ያረፈችበትን ሰዓት የነገረችኝ እዚያ ሆኜ ቀጣዩን በረራ ስጠብቅ ነው። ቀብሩ በማግስቱ፣ ወደ እናቴ የሚመለሰው አውሮፕላን ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ። የጠየቁኝ አንድ ቀን ይኸው ነው፤ መንገድ ላይ አለቀ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለሚቀጥለው ማስጠንቀቂያዎ ከወዲሁ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

የውሃ ቆጣሪ ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ የሐዘን መግለጫ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የማብራሪያ መጠየቂያዎ በተመለስኩበት ጠዋት ቀድሞኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሲጠብቀኝ፣ ይህኛው ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት ለመድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል። ለደብዳቤው የፈቀዱለትን ቀን ለእኔ ፈቅደውልኝ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴን በእጄ እቀብራት ነበር።