ለፖሙ ዛፍ የተጓጓዘ በረዶ

ውድ ወንድሜ ታርሞ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የሚያስነክስህ ጉልበት ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ደረጃ መሃል ያስቆምሃል? ሜጋን እንዴት ናት? ሥራዋ ቀለል አለላት? ልጆቹስ? የሊሲ የወለቀው ጥርስ በቀለ? ኦስካር አሁንም ጫማ አልለብስም እያለ እናቱን ያስቸግራል? አንተ ስለ ራስህ ስትጠየቅ «ምንም አልል» ብለህ መዝጋት ስለምትወድ፣ አንድ በአንድ የምጠይቅህ ሆን ብዬ ነው። አንተም አንድ በአንድ መልስልኝ። እዚያ አውስትራሊያ ሙቀቱ ሰው ይጥላል ሲሉ በራዲዮ በሰማሁ ቁጥር አስባችኋለሁ።

እኛን ካልክ፣ አለን። አባባ ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ ከአልጋው አልወረደም። እህል ይቀምሳል፣ ትንሽ ነው እንጂ። እግሩ ከድቶታል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮው ግን የሌባ ጆሮ ሆኗል። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው፤ ቤታችንን ታውቀዋለህ፣ ማድ ቤት የተንሾካሾኩት ነገር አልጋው ድረስ ይሰማል። ደግሞም አንዳንድ ነገር በአፍ ሲናገሩት ይበላሻል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ እውነቱን ልንገርህ። ባሌን ካልዩን ከቀበርን ወዲህ በደወልክ ቁጥር «ደህና ነኝ» ስልህ ከርሜያለሁ። ደህና አልነበርኩም። ከቀብሩ መልስ የዘጋሁትን በር የምከፍተው ማገዶ ለማስገባትና አመድ ለመድፋት ብቻ ነበር። ዳቦውንና ወተቱን ጎረቤታችን ማይሙ ከሱቅ አምጥታ በራፍ ላይ ታስቀምጥልኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ታንኳኳ ነበር፤ ሳልከፍት ስቀር ማንኳኳቱን ተወችው። ሰው ጠልቼ አልነበረም። ሰው ሲያየኝ ፊቱን ያጠቁራል፣ እኔ ደግሞ ያንን ፊት መልሼ ማጽናናት ታከተኝ። አባባን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቁጭ እላለሁ። ቀኑ እንደዚያ ይመሻል፤ ሌላውም ቀን እንደዚያው።

ክረምቱም እንደኔው ሆነ፤ መኖሩም አለመኖሩም ሳይታወቅ አለፈ። እኛ አገር፣ ኤስቶኒያ ውስጥ፣ በረዶ ሳይጥል ከረመ ብልህ ታምነኛለህ? የገና በዓል በጭቃ ዋለ። አዲሱ ዓመት በዝናብ ገባ። ሐይቁ ወደ በረዶ ስላልረጋ ዓሣ አጥማጆቹ ሽማግሌዎች የበረዶ መብሻቸውን ታቅፈው ዳር ዳሩን ሲሉ ከረሙ። ጥንቸሎቹ እንደ ልማዳቸው የክረምቱን ነጭ ጸጉር ለብሰው ጥቁር ማሳ ላይ ሲሮጡ በማድ ቤቱ መስኮት አያቸው ነበር። የት ይደበቁ? ቀበሮዋ እንደ ልቧ ለቀመቻቸው።

የመንደሩ አትክልተኛ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ማገዶ ተረፈልን ብሎ ደስ ብሎት ነበር አሉ። ኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ማሳውን እየዞረ ማየት ጀመረ። መሬቱ መተኛት እንቢ አለ። ነጭ ሽንኩርቱ በጃንዋሪ ብቅ ብሎ ጣት አከለ። ፍልፈል ማሳውን ሲያገላብጥ ከረመ። ማይሙ ጽጌረዳዎቿን እንደ ወጉ በጥድ ቅርንጫፍ ደራርባ ሸፍና ነበር፤ ገልጣ ብታያቸው ሻግተው አገኘቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ከብርድ ስትከላከላቸው የኖረች ሴት ዘንድሮ በልብስ ብዛት ገደለቻቸው። ብዙ ቀን አኩርፋ ከረመች፤ ማንን እንዳኮረፈች ግን ራሷም አታውቅም።

ጓሯችን ወዳለው የፖም ዛፍ ልምጣ። ታሪኩን ታውቀዋለህ፣ ግን ልጆችህ አድገው ከዚህ ወረቀት እንዲያነቡት ልድገመው። አባባ ገና ልጅ ሳለ ከነእናቱ ከብት በሚጫንበት ባቡር ታጭቆ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ከስንት ዓመት በኋላ ጎረምሳ ሆኖ ሲመለስ ጎተራው ተቃጥሏል፣ የቤቱ ጣሪያ ተወስዷል፣ አጥሩ ተነቅሎ ተማግዷል። ከነበረው ሁሉ ቆሞ የጠበቀው ያ ዛፍ ብቻ ነበር። «ሌላ ቦታ ልሄድ ነበር፣ እሱን ሳየው ሻንጣዬን አስቀመጥኩ» ይለን የነበረው ትዝ ይልሃል? እኔና አንተ የተወለድነው እንግዲህ እሱ ሻንጣውን ስላስቀመጠ ነው።

በፌብሩዋሪ አጋማሽ አመድ ልደፋ ወጥቼ ቀና ስል የዛፉ እምቡጥ አብጧል። በዚያ ወር የነቃ ዛፍ ኋላ ውርጭ ከመጣበት እንደማይተርፍ እኛ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ገብቼ ለአባባ ነገርኩት፤ ለሱ ስለዚያ ዛፍ መዋሸት አይሆንልኝም። ሰማኝና «በረዶ አምጪለት» አለኝ። በደንብ የሰማሁት አልመሰለኝም። «እግሩ ሥር በረዶ ክመሪ፤ ሥሩ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይተኛል» አለ። ልጅነቱን ብርድ የበላበት ሰው በረዶ አምጡልኝ ሲል ምን ይባላል? «አባባ፣ በአገሩ በረዶ የለም እኮ» አልኩት። «ማዶ ላለው ለኤንዴል ንገሪው፣ ትራክተር አለው» አለ። ልደውልላቸው ብል «በስልክ እንቢ ይልሻል፣ ሄደሽ ፊቱ ቁሚ» አለኝ።

ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ገንፎውን ሳቀርብለት አፉን ከመክፈቱ በፊት «ሄድሽ?» ይለኛል። በመጨረሻ የካልዩን ጃኬት ደረብኩና ወጣሁ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ላም እንኳ ሳታስብ ትሻገረዋለች፤ እኔ ግን መሃሉ ላይ ቆሜ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ጋሽ ኤንዴል በራቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ያንን የፈራሁትን ፊት አላሳዩኝም። አባባ ያለውን ስነግራቸው ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። «አባትሽ ኤልማር ራሱ ነው ያለው? በገዛ አፉ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲህ ካለ ምን ይደረጋል፤ ይመጣለታል» አሉ።

በወረዳው ሁሉ በረዶ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ካለው የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ጀርባ። ወለሉን በመኪና ይፍቁና ፍቅፋቂውን እዚያ ይደፉታል። ጋሽ ኤንዴል ተጎታቹን አስረው «ነይ ውጪ፣ አካፋ የሚይዝ ሰው አጥቻለሁ» አሉኝ። ዘበኛው መጣና ለምን እንደምንወስደው ጠየቀን። ጋሽ ኤንዴል ኮስተር እንዳሉ «ዛፍ ልናስተኛበት ነው» አሉት። ሰውየው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሄዶ የራሱን አካፋ ይዞ መጣ።

ጭነታችንን ይዘን ስንደርስ ማይሙ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጠበቀችን። «ዕድሜ ልኬን ከደጄ በረዶ ስጠርግ ኖሬ፣ በስተርጅና በረዶ ከከተማ በትራክተር ሲመጣ አየሁ» አለች። ጋሽ ኤንዴል «ወይ አግዢ ወይ ዝም በይ» ቢሏት «ሁለቱን ምን አጣላቸው? እያገዝኩ አወራለሁ» ብላ ገባች። እውነትም እያገዘች አወራች። ኋላ ሌሎችም መጡ፤ አንዳንዱ ሊስቅብን፣ አንዳንዱ ሊያግዘን፣ አብዛኛው ለሁለቱም።

በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ እንደገና እናመጣለን። ረቡዕና ቅዳሜ የበረዶ ቀን ሆነ። በእኔ ጉዳይ ጫማውን ያራሰን ሰው ደግሞ ከደጅ መመለስ አይቻልም። የጎመን ሾርባ አሞቃለሁ፣ ጥቁር ዳቦ እቆርሳለሁ፣ ወንበር አልበቃ ሲል የካልዩንም ወንበር ከጓዳ አወጣሁት። አባባ ከአልጋው ሆኖ ይጠይቃል፤ ስንት አካፋ ሆነ፣ ማን መጣ፣ ማን ለገመ። አንድ ቅዳሜ ማይሙ «ካልዩ ቢኖር እኮ እኛ ጭነን እስክንመለስ እሱ ገና አካፋውን እየሳለ ነበር» አለች። ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነብኝና ሾርባዬ ላይ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም። ማይሙ ዳቦውን ወደኔ ገፋ አደረገችልኝ፣ ሌላው መብላቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኤፕሪል ውርጩ መጣ። ክረምቱን ሙሉ ያልታየ ብርድ በአንድ ሌሊት ተጠራቅሞ የወረደ ይመስል ነበር። ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት መስሏል። ወጥቼ ሳይ እምቡጡ ሁሉ ጠቁሯል፣ ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ጋሽ ኤንዴል መጥተው አንዱን ቅርንጫፍ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ከልጡ ሥር አረንጓዴ መሆን የነበረበት ቡናማ ነው። ሌላውንም ፋቁ፣ ሌላውንም። «አለቀለት» አሉ። እግሩ ሥር የከመርነው በረዶ ግን እንዳለ ነው። ይሄኔ ንዴት ያዘኝ። ያን ያህል ተመላልሰን፣ ያን ያህል ደክመን ለዚህ ነው ወይ አልኳቸው።

ጋሽ ኤንዴል ቢላቸውን አውጥተው ጥፍራቸውን እያጸዱ ቆዩና «ሄልዩ፣ ዛፍ የሚነቃው በጫፉ ነው» አሉኝ። «ጫፉን ፀሐይ ካሞቀችው፣ እግሩ በረዶ ላይ ቢቆምም ግድ የለውም። ይሄን አትክልተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል።» ታዲያ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። «ለኔ ይሄን ያስተማረኝ ማን ሆነና? አባትሽ ነው እኮ። እሱ ይሄን እያወቀ በረዶ አምጡ ካለ፣ የፈለገው ሌላ ነገር ነው አልኩ። ምን እንደሆነ ደግሞ አንቺ ደጄ ላይ ስትቆሚ ገባኝ።»

ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ። ምን ልለው እንደገባሁ አላውቅም፤ ልቆጣውም ይሆናል። አባባ አሸልቦ ነበር። አንሶላው ተንሸራቶ ስለነበር ላስተካክል ጎንበስ አልኩና፣ ድካሙ ድንገት ወረደብኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ራሴን ትራሱ ላይ ከራሱ አጠገብ ጣል አደረግኩ። ከዚያ ሆኜ በመስኮቱ አየሁ። ታርሞ፣ ከአባባ ትራስ ላይ ዛፉ አይታይም። አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አትታይም። የሚታየው የግቢያችን በር፣ መንገዱና ማዶ ያለው የጋሽ ኤንዴል በር ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ ሲያይ የከረመው እኔን ነው፤ ስሻገር።

ሲነቃ እዚያው አገኘኝ። «ሞተ?» አለኝ። ሞተ አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ፣ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። አዝኖለታል፣ በጣም ነው ያዘነው፤ ይህንን እንዳትጠራጠር። «የስንቱን ዓመት ብርድ ችሎ የዘንድሮን ልስላሴ አልቻለም» አለ። ቆይቶ ደግሞ እንጨቱን ለኤንዴል ስጪው፣ ዓሣ ያጭስበት አለኝ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ? ማይሙ አትመጣም?» አለ። ከእንግዲህ በረዶ የምናመጣለት ነገር የለም እኮ አልኩት። «ታዲያ ሄደሽ ጥሪያታ» አለኝ። ሄጄ ጠራኋት።

ሜጋንን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ዘንድሮ ብርድ አጥቶ ሳጥን ውስጥ ከርሟል፣ ለከርሞ ይሁን። ሊሲን ጉንጯን፣ ኦስካርን ያንን ባዶ እግሩን ሳምልኝ። ጋሽ ኤንዴል ጉልበትህን በአሳማ ሞራ እሸው ብለውሃል፤ ማይሙ ደግሞ አትስማቸው ብላሃለች። ሁለቱም ሰላም ይሉሃል። አባባ እጁ እንቢ ስላለው መጻፍ አልቻለም፣ ግን ወረቀቱን ያዝ አድርጎት ነበር፤ ጥጉ ላይ የተጨማደደው እሱ የያዘው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ ልጨርስ። ስትደውል ስለ ዛፉ አታጽናናው። «ሄልዩ የት ናት?» ብለህ ጠይቀው። «ወጥታለች» ሲልህ ድምፁን ስማው።

እህትህ ሄልዩ
ካኒስቴ መንደር፣ ቮሩ አቅራቢያ፣ ኤስቶኒያ
ኤፕሪል 26