ድሮውባክ ተብሎ የተጻፈው ፍሬን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ እማዬም ከጉልበቷ በስተቀር ምንም አልሆነችም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውልልህ ስልክህ ይጠራል እንጂ አይነሳም። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። ቀጥሎ ታሞ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ባለቤትህ ደህና መሆንህን ስትነግረኝ ግን ይባስ ሐሳብ ገባኝ። ደህና ሰው የእህቱን ስልክ ለምን አያነሳም? የምደውልልህም ለወሬ አልነበረም። ሊፍት መመርመር ሙያህ ነውና ስለ ሕንፃችን ሊፍት ላማክርህ ነበር።

አምስተኛ ፎቅ ያለችውን ልብስ ሰፊ ታውቃታለህ፣ ያቺ ሳቋ ከበሯ ቀድሞ የሚወጣውን። ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ልትወርድ ገብታ፣ ሊፍቱ መቆሙን ትቶ ተንሸራተተ። አንድ ፎቅ አልፎ በድንገት ሲይዝ ከግድግዳው ጋር አላተማት። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። መቀስ የምትይዝበት እጅ ነው። ይኸው እስከዛሬ የተቀበለችውን ጨርቅ ሳይሰፋ ለየባለቤቱ እየመለሰች ነው። ነዋሪው ተሰብስቦ ሲያጉረመርም የሕንፃው አስተዳዳሪ ከእናንተ ድርጅት መርማሪ አስጠራ። መርማሪውም መጥቶ ላይ ማሽኑ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሄደ ተባለ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ከሳምንት በኋላ ሪፖርቱ የት ደረሰ ብትለኝ፣ እኛ ትርጉም ቤት፣ እኔው ጠረጴዛ ላይ። የእናንተ ድርጅት የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለነዋሪው የሚለጠፈው ግን በቋንቋችን መሆን አለበት። የመርማሪው ስም የለበትም፣ ማኅተምና ቁጥር ብቻ። በድርጅታችሁ ስንት መርማሪ እንዳለ አላውቅም። ብዙ ነው ብዬ ማመን ነው የምፈልገው።

ሪፖርቱ ለስላሳ ነው። ሊፍቱ ጠንካራ ነው፣ ገመዱ ጥሩ ነው፣ መብራቱ ይሠራል ይላል። ቀጥሎ፣ “የፍሬኑ ድሮውባክ ጭነት ሲበዛበት ዘግይቶ መያዙ ነው።” እዚህ ላይ ቆምኩ።

ይህን ቃል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መጥፎ ነገር ሁሉ ለእኔ አንድ ነበር፤ አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ ሁሉም ቦታ እደነቅረው ነበር። አንተ ግን ምሳ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጠኸኝ አንድ በአንድ ለየህልኝ። ዲስአድቫንቴጅ ብቻውን አይቆምም፣ ከአድቫንቴጅ ጋር ተመዝኖ ነው የሚነገር አልከኝ። ሾርትካሚንግ ለሰውና ለሥራው ነው፤ መድረስ ሲገባው ሳይደርስ የቀረውን ለመንገር። ድሮውባክ ደግሞ ጨዋ ቃል ናት፤ የምትገባው ጥሩ ነገር ላይ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ድሮውባኩ ከገበያ መራቁ ነው ይባላል፤ ሰው ያንን ችሎ ይኖርበታል። ዲፌክት ግን ብልሽት ነው፤ ተችሎ አይኖርም፣ ወይ ይጠገናል ወይ ይጣላል አልከኝ። ጣሪያው ሊወድቅ ስለደረሰ ቤት ድሮውባክ አለው የሚል ሰው ወይ ቋንቋውን አያውቅም ወይ ቤቱን ሊሸጥልሽ ነው ብለህ አሳቅኸኝ።

ታዲያ የልብስ ሰፊን ጣት የሰበረ ፍሬን እንዴት ሆኖ ድሮውባክ ይኖረዋል? የጻፈው ሰው ቋንቋውን እንደሚያውቅ ከሌላው ገጽ አይቻለሁ። አንድም ቃል አልሳተም።

ለኃላፊያችን ሄጄ ቃሉ አላማረኝም አልኩት። መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ “ያንቺ ሥራ ቃል ማዞር ነው፤ ፍሬን መፈተሽ አይደለም” አለኝ። “መጠነኛ ጉድለት” ብዬ እንድጨርሰውም አዘዘኝ። ማን ደውሎለት እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ሪፖርቱን ሳያነብ ምን ብዬ እንደምተረጉመው ያውቃል።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ወረቀቶቹን ሳስተካክል ከኋላ ሌላ ቅጠል ተያይዞ አገኘሁ። በስህተት አብሮ የመጣ ረቂቅ ነው። በዚያኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ፣ “ፍሬኑ ዲፌክት አለበት፤ እስኪጠገን ሊፍቱ ይቁም” ይላል። ዲፌክት የሚለው በብዕር ተሰርዞ ከላዩ ድሮውባክ ተጽፏል። ይቁም የሚለው ደግሞ ጨርሶ ተሰርዟል። የመርማሪው ቁጥር በሁለቱም ላይ ያው ነው። እውነቱን የጻፈውም የሰረዘውም አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ከሁለቱ መሐል ምን መጣበት? ማን አስጠራው? 

ያደረግኩትን ልንገርህ። ረቂቁን ተረጎምኩ። “ፍሬኑ ተበላሽቷል፤ እስኪጠገን ማንም እንዳይሳፈር” ብዬ ጻፍኩና በምሳ ሰዓት ራሴ ሄጄ የሊፍቱ በር ላይ ለጠፍኩት። አስተዳዳሪው ቀደደው፤ መልሼ ለጠፍኩ። ሦስተኛውን ልብስ ሰፊዋ በግራ እጇ ለጠፈችው፤ እሱን የደፈረ የለም። ነዋሪው አንሳፈርም ብሎ ስላደመ ከሌላ ቦታ መካኒክ መጣ። ፍሬኑን ሲፈታው ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ሆኗል። አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ የምንቆጥረው ጣት አይሆንም ነበር አለን።

እኔም ከሥራ ታግጃለሁ፤ አይዞህ፣ አልከፋኝም። ሐሙስ ጠዋት አጣሪዎች ይጠሩኛል፤ ይህን ቃል ከየት አመጣሽው ይሉኛል። ረቂቁን አሳያቸዋለሁ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ቢጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ፤ ሆን ብዬ አላጣራሁምና። እነሱ ግን ያጣራሉ። ደብዳቤውን ለጎረቤታችን ለአውቶቡስ ሹፌሩ የሰጠሁት ነገ እጅህ እንዲገባ ነው። በድርጅታችሁ ያ ቁጥር ያለው ሰው ካለ፣ ከሐሙስ በፊት በእግሩ መጥቶ ቢናገር ይሻለዋል በልልኝ። መጀመሪያ የጻፈው እውነቱን ነበርና፣ እኔ ከዚያኛው ሰው ጋር ነኝ በልልኝ።

እማዬን ልነግርህ ስል ረሳሁት። ሊፍቱ ከመቆሙ በፊት ጀምሮ ሰባት ፎቅ በእግሯ ነው የምትወጣው። በየፎቁ እያረፈች፣ ግድግዳ ይዛ። በዚያ ጉልበት ምን አስገድዶሽ ነው ብዬ ብቆጣት ትስቅብኛለች። ትናንት ነው የነገረችኝ። መርማሪው የመጣ ዕለት አንተም ለአፍታ ብቅ ብለህ፣ ቁጭ ሳትል ውኃ ጠጥተህ፣ ደረጃ መውጣት ለጉልበት መድኃኒት ነው፣ ሊፍቱን ተይው ብለሃታል። ለእኔም እንዳትነግረኝ አደራ ብለሃት ነበር አሉ። “ልጄ ለጤናዬ አስቦ ነው” እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። 

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እግርህን ወደ ቀናው ይምራልህ። እማዬ ከዚህ የበለጠ መርቃሃለች፤ ወረቀቱ አልበቃኝም።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ